እናቴ ከኬሞቴራፒው ጎን በድብቅ የሚወስዱትን ለሐኪሙ ልንገር?

ጥያቄ፦

እናቴ የ58 ዓመት ሴት ናቸው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ኬሞቴራፒ ጀምረዋል፤ አሁን ፓክሊታክሰል የሚባለውን መድኃኒት በየሳምንቱ በደም ሥር እየወሰዱ ነው። ያቅለሸልሻቸዋል፣ ድካሙ በርትቶባቸዋል፣ የእጃቸውና የእግራቸው ጣቶችም መደንዘዝ ጀምረዋል። ታናሽ ወንድሜ ከእርድና ከቁንዶ በርበሬ የተዘጋጀ ካፕሱል፣ የተጠናከረ የአረንጓዴ ሻይ ካፕሱልና ምን ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት የሥራሥርና የቅጠል ዱቄት አምጥቶላቸው ሦስቱንም ይወስዳሉ። ወንድሜ ኬሞቴራፒ መርዝ ነው፣ ተፈጥሮ ግን አይጎዳም፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ ኬሞውን ማቆም አለባቸው ይላል። እናቴ ደግሞ ሐኪሙ እንዳይቆጣቸው ፈርተው ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል። ዕፅዋት ካንሰርን ያድናሉ የሚባለው እውነት ነው? ልከልክላቸው? ቃሌን አፍርሼ ለሐኪሙ ልንገር?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከጥያቄዎችዎ መካከል የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ኬሞቴራፒው አይቋረጥ። ሦስቱ የዕፅዋት ውጤቶች ግን የእናትዎን ሕክምና የሚከታተለው ሐኪም ወይም የካንሰር መድኃኒቶችን የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት አይቶ ሐሳቡን እስኪሰጥ ድረስ ይቆዩ። ሐኪሙም ከሚቀጥለው የመድኃኒት ቀን በፊት ይወቅ፤ የሚያውቀው ግን ከእናትዎ ጀርባ ሳይሆን ከራሳቸው አንደበት፣ እርስዎ አጠገባቸው ተቀምጠው ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው እናትዎም ወንድምዎም ይህን ምላሽ ቢያነቡት ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ለሁለቱም የሚገባቸው ማብራሪያ እንጂ ቁጣ አይደለም።

ወንድምዎ ኬሞቴራፒን መርዝ፣ ዕፅዋትን መድኃኒት ሲል ሁለቱን እንደ ባላንጣ አቁሟቸዋል። ይሁን እንጂ እናትዎ በየሳምንቱ የሚወስዱት ፓክሊታክሰል ራሱ ከዛፍ የተገኘ ነው። በ1962 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርተር ባርክሌይ የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ተመራማሪ፣ በዚያች አገር ሰሜን ምዕራብ ደኖች ከሚበቅለው ፓሲፊክ ዩ ከተባለው ዛፍ ናሙና ሰበሰበ። ሞንሮ ዎልና መንሱክ ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች ከዛፉ ቅርፊት ሴሎችን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ፤ የሞለኪውሉንም አወቃቀር በ1971 ይፋ አደረጉ። በ1979 ደግሞ ሱዛን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ አሠራሩን አወቁት። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞችን ወደየአቅጣጫቸው የሚጎትቱ፣ እየተሠሩ እየፈረሱ የሚሄዱ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት፤ ፓክሊታክሰል እነዚህ ቱቦዎች እንዳይፈርሱ አድርጎ ይይዛቸዋል፣ ሴሉም ክፍፍሉን መጨረስ አቅቶት ይሞታል። መድኃኒቱ በአሜሪካ ለኦቫሪ ካንሰር የተፈቀደው በ1992፣ ለጡት ካንሰር ደግሞ በ1994 ነው። ከመጀመሪያው ናሙና እስከ መጀመሪያው ፈቃድ 30 ዓመት አልፏል ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ሥራ ምን እንደሆነ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እናትዎ አጠገብ ሲቀመጡ መድኃኒቱ የሚወርድበትን መስመር ልብ ብለው ይመልከቱ። ፓክሊታክሰል በውኃ ስለማይሟሟ በተለመደው አዘገጃጀቱ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያና በአልኮል ይቀመማል። ይህ ማሟሚያ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል እናትዎ አስቀድመው ዴክሳሜታዞንና ሌሎች የአለርጂ መከላከያዎች ይሰጧቸዋል፤ ነርሷም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከአጠገባቸው ብዙም አትርቅም። ማሟሚያው ከአንዳንድ ፕላስቲኮች ውስጥ ጎጂ ኬሚካል እየሳበ ስለሚያወጣ ቱቦው እንደ ሌላው የግሉኮስ ቱቦ አይደለም፣ መስመሩም ላይ ማጣሪያ ተገጥሞለታል። መጠኑ በቁመታቸውና በክብደታቸው ተሰልቷል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊትም የደም ሴሎቻቸው ይቆጠራሉ። ቅርፊቱ ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር ለሰው የሚበጅ መድኃኒት የሆነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተጨምሮበት ነው። መርዝነቱን ማንም አልካደም፤ መርዝነቱ ታውቆ፣ ተለክቶና ተጠብቆ ነው የሚሰጠው።

ፓክሊታክሰል ብቻውን አይደለም። ብዙ ሕፃናትን ከደም ካንሰር ያተረፈው ቪንክሪስቲን ማዳጋስካር ፔሪዊንክል ከተባለች አበባ የተገኘ ነው፤ በ1950ዎቹ ተክሏን ይመረምሩ ከነበሩት ሳይንቲስቶች አንዳንዶቹ ይፈልጉ የነበረው የስኳር በሽታ መድኃኒት ነበር። ኢቶፖሳይድ ሜይ አፕል ከሚባል ተክል ሥር ከሚገኝ ንጥረ ነገር ተሻሽሎ ተሠራ፤ ኢሪኖቴካንና ቶፖቴካን መነሻቸው የቻይና ዛፍ ነው። ስለዚህ ዕፅዋት በካንሰር ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር አላቸው ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው፤ ይህን የሚክድ የካንሰር ሐኪም ቢኖር የሚያዘውን መድኃኒት ታሪክ አያውቅም ማለት ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከ1960 እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ 35,000 ገደማ የዕፅዋት ናሙናዎችን ሲፈትሽ ለታካሚ የበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከበቁትም ቢሆን ተክሉን ቀቅሎ መጠጣት መድኃኒቱን እንደመውሰድ አይሆንም። የፔሪዊንክል ቅጠል ውስጥ ያለው ቪንክሪስቲን እጅግ ጥቂት ነው፤ አብረውት ደግሞ በርካታ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ፣ የእያንዳንዳቸውም መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል።

አሁን ወደ ካፕሱሎቹ እንምጣ። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን፣ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የብዙ ዓይነት ካንሰር ሴሎችን ዕድገት እንደሚገታ ተደጋግሞ ታይቷል። ወንድምዎ ያነበበው ይህን ከሆነ የተነገረው ሐሰት አይደለም፤ ችግሩ ከሳህኑ እስከ እናትዎ ያለው መንገድ ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል ኩርኩሚኑ ውስጥ ተነክሮ ይውላል። ሰው ሲውጠው ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ያለፈውንም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታል። በቀን ብዙ ግራም በወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ እንኳ የተገኘው እጅግ አነስተኛ መጠን ነው፤ ደረቅ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ደግሞ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

አምራቾች ቁንዶ በርበሬ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን በጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የኩርኩሚንን መጠን ወደ 20 እጥፍ ገደማ እንዳሳደገ በ1998 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ይህ በማሸጊያው ላይ እንደ ትልቅ ጥቅም ተጽፎ ይሸጣል፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ፒፐሪን ኩርኩሚኑን የሚያቆየው ባዕድ ነገርን የሚያስወግዱትን የአንጀትና የጉበት ኢንዛይሞች በማዳከም ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባለው ኢንዛይም ሲሆን ፓክሊታክሰልን ከሰውነት በማስወገድ ረገድም ድርሻ አለው። የእናትዎ መጠን የተሰላው ጉበታቸው በተለመደው ፍጥነት እንደሚሠራ ታስቦ ነው። ጉበቱ ከተያዘ መድኃኒቱ ከታሰበለት ጊዜ በላይ ደም ውስጥ ሊቆይ፣ የጣቶቻቸው መደንዘዝ ሊብስ፣ ነጭ የደም ሴላቸውም ከሚጠበቀው በታች ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ ስለ ካፕሱሉ ካላወቀ ይህን ሁሉ የፓክሊታክሰል ጥፋት አድርጎ ይቆጥርና መጠኑን ይቀንሳል ወይም ዙሩን ያዘገያል፤ በዚህም እናትዎ ማግኘት የሚገባቸውን ሕክምና ያጣሉ።

በተቃራኒው አቅጣጫም ሊሆን ይችላል። በ2002 የታተመ ጥናት የሰው የጡት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይ ኩርኩሚን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሥራ እንዳሰናከለ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ለጡት ካንሰር በስፋት የሚታዘዝ መድኃኒት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ታካሚው ራሱ ላይ መሞከር የለበትም። በተጨማሪ የእርድ ካፕሱል፣ በተለይም ከቁንዶ በርበሬ ጋር የተዘጋጀው፣ ጉበታቸውን ያቆሰለባቸው ሰዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል። ይህ ሁሉ በካፕሱል ስለሚወሰደው ብዛት ነው እንጂ ምግብ ውስጥ እንደ ቅመም ስለሚገባው እርድ አይደለም፤ እናትዎ ምግባቸውን እንደወትሮው ቢያጣፍጡ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም።

ስለ አረንጓዴ ሻዩም የምለው ተመሳሳይ ነው። በስኒ የሚጠጣው ሻይ ሌላ ነው፤ ካፕሱሉ ውስጥ የታመቀው ኢጂሲጂ የተባለ ንጥረ ነገር ሌላ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ግምገማ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በካፕሱል መውሰድ ከጉበት ጉዳት ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። የእናትዎን ፓክሊታክሰል የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት መሆኑን አይርሱ። ኢጂሲጂ ቦርቴዞሚብ ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣብቆ ሥራውን እንደሚያከሽፍም በ2009 በቤተ ሙከራና በአይጦች ታይቷል። ቦርቴዞሚብ የእናትዎ መድኃኒት አይደለም፤ የምጠቅሰው ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ የሚወሰድ ነገር ለካንሰሩ ጋሻ ሊሆንለት እንደሚችል እንዲታይ ነው።

ይህ ደግሞ በአይጥ ብቻ የቀረ ጉዳይ አይደለም። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ቅጠል አለ፤ ብዙ ሰዎች ለጭንቀትና ለድብርት ይወስዱታል። ይህ ተክል ከፒፐሪን በተቃራኒ የጉበትን ኢንዛይም ያበረታል። በ2002 የወጣ አነስተኛ ጥናት ኢሪኖቴካን በሚወስዱ የካንሰር ታካሚዎች ላይ ሲመረምረው ካንሰሩን በዋናነት የሚገድለው የመድኃኒቱ ቅርጽ ደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አስቡት፤ ታካሚው በቀጠሮው ይመጣል፣ መርፌውን ይወጋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል፣ ካንሰሩን የሚዋጋው መድኃኒት ግን ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል። ማንም ካልጠየቀውና እሱም ካልተናገረ ይህን የሚያውቅ የለም።

ከሦስቱ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ስም የሌለው ዱቄት ነው። ፒሲ ስፔስ የሚባል የስምንት ዕፅዋት ቅልቅል በ1990ዎቹ ለፕሮስቴት ካንሰር በሰፊው ይሸጥ ነበር፤ የታካሚዎችን የምርመራ ውጤት በእውነት ያሻሽል ስለነበር ሐኪሞችም ሳይቀሩ ተስፋ አድርገውበት ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን በውስጡ ዳይኢታይልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንና ኢንዶሜታሲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተገኘበት፤ በ2002ም ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ለፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ የሴት ሆርሞን ዕጢውን ሊገታለት ይችላል፤ ብዙ የጡት ካንሰሮች ግን ያንኑ የሴት ሆርሞን ተመግበው የሚያድጉ ናቸው። እንዲህ ያለ ቅልቅል በስሕተት እናትዎ እጅ ቢገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሌላም ልጨምር። ቤልጅየም ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክብደት ለመቀነስ የዕፅዋት ቅልቅል ከወሰዱ ሴቶች መካከል ከ100 በላይ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቆይተው የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ምክንያቱ በአንድ ተክል ምትክ በስሕተት የገባ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሌላ ተክል ነበር። በውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ንጥረ ነገሮች ተርታ ተመድቧል። በዚህ ላይ ያልታከመ ደረቅ ቅጠልና ሥር የሻጋታና የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ለጤነኛ ሰው ምንም ያልሆነው ሻጋታ፣ ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሉን ላወረደበት ሰው ከባድ የሳንባ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ተፈጥሮ አይጎዳም የሚለው እምነት ከተፈተነባቸው ጥናቶች ሁሉ ግን አንዱ ይልቃል። ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ከካንሰር ይከላከላል ተብሎ በጽኑ ይታመን ነበር፤ አትክልት አብዝተው የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ያነሱ ስለሆኑ ግምቱ ምክንያታዊ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች ላይ ሲሞከርና ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ግን ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ከቫይታሚን ኤ ጋር ተደርጎ የተሰጠበት ሌላ ትልቅ ሙከራም ተመሳሳይ ውጤት ስላሳየ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። አትክልቱ ውስጥ የሚጠቅመው፣ ተነጥሎና በዝቶ በኪኒን ሲሰጥ ጎጂ ሆነ። ይህን በተለይ ለወንድምዎ ያንብቡለት።

ኬሞውን ያቁሙ ለሚለው ሐሳቡ ደግሞ በ2018 የወጡ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች አሉ። የመጀመሪያው ሊታከም የሚችል፣ ወደ ሌላ አካል ያልተሰራጨ ካንሰር ይዘው የተለመደውን ሕክምና ትተው ሌላ መንገድ የመረጡ 281 ሰዎችን ሕክምናውን ከተከታተሉት ጋር አነጻጸረ፤ የመሞት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ፣ የጡት ካንሰር ታካሚዎቹ ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ለእናትዎ ይበልጥ ይቀርባል፤ ምክንያቱም የተመለከተው ከሕክምናው ጎን ለጎን ተጨማሪ መንገድ የሞከሩትን ነው። እነዚህም የመሞት ዕድላቸው በእጥፍ የጨመረ ነበር፤ ምክንያቱ ሲመረመር ግን ቀዶ ሕክምናውን፣ ኬሞውን፣ ጨረሩን ወይም የሆርሞን ሕክምናውን አንዱን ወይም ሌላውን እምቢ ያሉት እነሱ ይበዙ ነበር። ያ ከስሌቱ ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። ቅጠሉ በቀጥታ አልገደላቸውም፤ ከሕክምናው ደረጃ በደረጃ እንዲወጡ በር ከፈተላቸው። ወንድምዎ ለእናትዎ የሚያስበው መንገድ በትክክል ይህ ነው። ካንሰርን ያድናል እየተባለ ለዓመታት የተወራለት ከአፕሪኮት ፍሬ የሚገኘው አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገርም በ1982 ውጤቱ በወጣ ሙከራ ለ178 ታካሚዎች ተሰጥቶ አንድም ሰው አላዳነም፤ ጥቂቶቹን ይልቁንም ለሳያናይድ መመረዝ አደጋ አጋልጧል።

እንግዲህ ሁሉንም ክልከላ አድርጌ አላበቃም፤ እናትዎ ካፕሱሉን የወሰዱት ማቅለሽለሹና ድካሙ ስላስቸገራቸው ነው፣ ለዚያም ምላሽ ይገባቸዋል። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል በቁም ነገር ተሞክሯል። በ2012 ውጤቱ በወጣ፣ 576 ታካሚዎች በተካተቱበት ሙከራ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ግራም የሚሆን ዝንጅብል፣ ከመደበኛው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ጋር ኬሞው ከመሰጠቱ 3 ቀን ቀደም ብሎ ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ቀን የሚሰማውን ማቅለሽለሽ ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ አልተስማሙም፤ ቢሆንም በመጠኑ ከተያዘና ሐኪሙ ከፈቀደ እኔ የምደግፈው ነው። ፕላትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ሴሎች) ዝቅ ባለበት ሳምንት ግን የመድማት ስጋት ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለድካም ደግሞ የአሜሪካ ጂንሰንግ የተባለ ሥር በ2013 በወጣ የ364 ሰዎች ሙከራ በቀን 2 ግራም ለ8 ሳምንት ተወስዶ ከባዶው ካፕሱል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህንንም በራሳችሁ አትጀምሩት፤ የእናትዎ ካንሰር ሆርሞን ተቀባይ ከሆነ የጂንሰንጉ አዘገጃጀት ልዩነት ያመጣልና ሐኪሙ ይወስን።

ለመደንዘዙ የሚጠቅም የተረጋገጠ የዕፅዋት መድኃኒት የለም። ነርቭን ይጠግናል ተብሎ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው አሴቲል ኤል ካርኒቲን እንኳ እንደ እናትዎ ያሉ የጡት ካንሰር ታካሚ በሆኑ 409 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 ሲወጣ መደንዘዙን ይልቁንም አባብሶት ተገኝቷል። መደንዘዙን ለሐኪሙ መንገር ግን ዛሬውኑ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ መጠኑን በመቀነስ ወይም ዙሩን በማራራቅ ሊገታ የሚችል ሲሆን ችላ ከተባለ ግን ሕክምናው ካለቀም በኋላ ሊቀር ይችላል። ሕመም ካለበት ዱሎክሴቲን የሚባል መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል።

የገቡትን ቃል በተመለከተ፣ ማፍረስ ሳይሆን እናትዎ እንዲፈቱልዎ መጠየቅ የተሻለ ይመስለኛል። ለካንሰር ታካሚዎች መድኃኒት ሳዘጋጅ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳስተዋልኩት፣ ቅጠል የሚወስድ ሰው የሚደብቀው ሐኪሙን ንቆ ሳይሆን ፈርቶ ነው፤ አንዳንዴም በሕመሙ ላይ በገዛ እጁ የሚያደርገው ብቸኛ ነገር እሱ ስለሆነበት ነው። ስለዚህ «ይህን ይተዉ» ብለው አይጀምሩ። «እማዬ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ከካፕሱሉ ጋር ይጣላ እንደሆነ ሐኪሙ ካላወቀ ሊጠብቅዎ አይችልም፤ አብረን እንንገረው፣ ቢቆጣም እኔን ይቆጣ» ይበሏቸው። በአብዛኛው የሚቆጣ ሐኪም አይገጥማችሁም፤ ቢገጥማችሁ እንኳ ፋርማሲስቱን ወይም ነርሷን ጠይቁ፣ መረጃው መዝገባቸው ላይ መስፈሩ ነው ዋናው። ከዚህ ሁሉ በኋላ እናትዎ እምቢ ቢሉ፣ ጉበታቸውና የደም ሴሎቻቸው አደጋ ላይ ናቸውና ለሐኪሙ እንደሚናገሩ አስቀድመው ነግረዋቸው ይናገሩ። ሳያውቁ ቢነገርባቸው እምነታቸው ይሰበራል፤ አውቀው ቢነገርባቸው ይከፋቸዋል እንጂ ይረዱዎታል።

ወንድምዎን ከቀጠሮው አያስቀሩት። እናቱን ለማዳን የሚችለውን ያደረገ ልጅ ነው፤ ከውጭ ቆሞ ከሚሟገት ገብቶ ቢጠይቅ ይሻላል። ሦስቱንም እሽጎች፣ ዱቄቱንም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ይምጣ፤ ስማቸውን በቃል ከመናገር ይልቅ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ማየት ይሻላል፣ በካፕሱሎች ላይ «ልዩ ቅልቅል» ተብሎ የእያንዳንዱ መጠን የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነውና። መቼ እንደጀመሩ፣ በቀን ስንት እንደሚወስዱና የመጨረሻውን መቼ እንደወሰዱ ይጻፉ። ሐኪሙንም ይህ ነገር ከፓክሊታክሰል ጋር ይጋጫል ወይ፣ የጉበት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል ወይ፣ ለማቅለሽለሹና ለድካሙ ሌላ ምን ሊደረግላቸው ይችላል፣ ከሕክምናው በኋላስ የትኛውን መልሰው መውሰድ ይችላሉ ብለው ይጠይቁት። የመጨረሻው ጥያቄ ለእናትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ የተከለከሉት ለዘለዓለም እንዳልሆነ ያውቃሉ።

እስከዚያ ድረስ የሚያስጠብቅ ነገር የሌለባቸው ምልክቶች አሉ። የዓይናቸው ነጭ ወይም ቆዳቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ሰውነታቸውን ብርቱ ማሳከክ ከያዛቸው፣ ድዳቸው ወይም አፍንጫቸው ከደማ፣ ወይም የሰውነታቸው ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮውን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሚታከሙበት ሆስፒታል ይውሰዷቸውና ኬሞቴራፒ ላይ መሆናቸውንና የወሰዱትን የዕፅዋት ውጤት ስም ገና በር ላይ ይንገሩ።